የአባባ መጥበሻ

የተቃጠለ የመኪና ካምቢዮ ዘይት ሽታ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ጉሮሮ ላይ ነው የሚቀመጠው። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይጀምርና እንደ ከረመ ዓሣ ያልቃል። ውሃ ቢጠጡበት አይወርድም፤ ሎሚ ቢልሱበት አይለቅም። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ነው ያወቅሁት፤ ከሃያ ዓመት በላይም የአባቴ የጀግንነት ሽታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ቢሆንም ልናገረው፤ ውስጤ ከሚከርም ይውጣ።

ያደግሁት አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ነው። ነገሩ የሆነው በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሙቀቱ ሊብስ ሲል፣ አልጋ ወደ ግቢ ማውጣት የተጀመረ ሰሞን ነው። አባቴ ጉግሳ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ከኮምቦልቻ በረዳትነት ተሳቢ ላይ ተንጠልጥሎ መጥቶ፣ እዚያው ቀርቶ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመላለሱ የጭነት መኪኖች ጋራዥ ውስጥ እጁን አስመሰከረ። በወጣትነቱ ደግሞ ከአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ጋር ሲዞር፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌላቸውን መኪኖች መፍታትና መግጠም ተምሯል። ሌሎቹ መካኒኮች እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣባቸው ጎንበስ ብለው ውስጡን ያዩና «ይሄን ጉግሳ ጋ ውሰዱት» ይላሉ። ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ አባባ የተናገረውን የሚያስተባብል ሰው በከተማው አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።

ከግድግዳችን ወዲያ ጋሽ ዓብዱልሐኪም ይኖሩ ነበር፤ የወደብ ጸሐፊ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ልጃቸው ነጂባ እኩያዬ ናት፤ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው። ወንድማቸው ከጅዳ በመርከብ የላከላቸው፣ አሸዋ ላይ የምትነዳ ነጭ መኪና ነበረቻቸው፤ አውቶማቲክ። እናታቸው የሚኖሩት ከአሰብ ወዲያ፣ ባሕር ዳር ያለችው በይሉል መንደር ነው፤ የስኳር በሽታ አለባቸው። ከተማ ግቡ ቢባሉ «ባሕሩን ሳላይ የምነቃበት ቤት አልገባም» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ ጋሽ ዓብዱልሐኪም እሁድ እሁድ ውሃውን በጀሪካን፣ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ጭነው ይሄዳሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። አንዳንዴ እኔንና ነጂባን ከኋላ ይጭኑናል። ያቺን መኪና የወደድኳትን ያህል ከዚያ ወዲህ የወደድኩት ዕቃ የለም።

አንድ እሁድ ማታ ያቺ መኪና እያቃሰተች ገባች። ጋሽ ዓብዱልሐኪም በቀጥታ ወደኛ ግቢ አስገቧትና ወረዱ፤ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

«ያ ጉግሳ፣ ይቺ ልጅ እምቢ አለችኝ» አሉ። «ማርሹን ዲ ላይ አስገብቼ ነዳጅ ስሰጣት ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። ቆይታ፣ ቆይታ ደግሞ ድንገት ትወረወራለች። ወላሂ ከአሸዋው የወጣሁት በዱዓ ነው።»

«ሞተሩን እንዳታጠፋው» አለ አባባ። ኮፈኑን ከፈተ። «ወለቴ፣ ነጭ ጨርቅ አምጪ።» ስሜ ወለተጊዮርጊስ ነው፤ እሱ ወለቴ ይለኛል።

ጨርቁን አመጣሁ። ማርሹን ወደ ላይ ወደ ታች እያመላለሰ ሁሉንም አስነካው፣ ከዚያ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘና ጫፉን ጨርቁ ላይ ጠረገ። ቀይ መስመር ቀረ። አሸተተው። ወደኔም አቀረበው።

«አሽቺ።»

«ጣፋጭ ነው» አልኩ። እንደ ሳል ሽሮፕ ነበር የሸተተኝ። አባባ ሳቀ። ከዚያ በራዲያተሩ ሥር እጁን እስከ ክርኑ ልኮ ሲዳብስ ቆየ። ሲያወጣው ሁለት ጣቶቹ ቀይ ሆነዋል።

«አባባ፣ ደማህ!»

«ዝም በይ» አለ በቀስታ፣ ጣቶቹንም ሱሪው ላይ ጠረገ። ጋሽ ዓብዱልሐኪም በሌላኛው በኩል ነበሩ፤ አላዩም። እኔ ሕመሙን ለጎረቤት ላለማሳየት የደበቀ መሰለኝ። ደም እየፈሰሰው ሰው የሚረዳ አባት አለኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ከባድ ነው» አለ አባባ ቀና ብሎ። «ከውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ትደርና እንየው።»

ጋሽ ዓብዱልሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ስንት ቀን? የእናቴ መድኃኒት ለሳምንት ነው። የጭነት መኪና ወደዚያ አይሄድ፣ ጀልባም አንዴ ይሄዳል አንዴ ይቀራል።» ወደ ነጂባ አዩ። «ይቺ ካልተነሣች ነጂባን እዚያው እልካታለሁ፤ አያቷን ትይዛለች። ሌላ ሴት ልጅ የለኝም።»

ነጂባ ግድግዳው ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታወዛውዝ ነበር፤ አቆመች። ጋሽ ዓብዱልሐኪም ወደ ቤታቸው ሲገቡ ወደኔ ዞረች።

«አያቴ ጋ ከሄድኩ ትምህርት ቀረ» አለችኝ። «የአጎቴ ልጅ እንዲሁ ሄዳ አልተመለሰችም። አባትሽን ንገሪው፤ ቶሎ ይሥራት።»

«አባባ ይሠራታል» አልኳት። «አባባ ያልሠራው መኪና የለም።» ማልኩላት ጭምር። በዚያ ዕድሜዬ መሐላ አይከብደኝም ነበር።

በማግስቱ አባባ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ከጋራዥ ሲመለስ፣ ሙቀቱ ከተማውን በየጥላው ሲያስተኛ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ይገባል። እኔ እግሩ ጋ ቁጢጥ ብዬ ቁልፍ አቀብላለሁ፤ እሱ ግን ቁልፍ አይጠይቀኝም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኝቷል። «እያዳመጣት ነው» አልኳት ለነጂባ። «አዋቂ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዳምጠው።» ነጂባ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ነገረች። ሰውየው እኮ እያንኮራፋ ነበር፤ እኔ ማንኮራፋቱን እንኳ ከመኪናዋ ሆድ የሚመጣ ድምፅ አደረግሁት። ሰው አባቱን ሲወድ እንዲህ ነው የሚጃጃለው።

ጋሽ ዓብዱልሐኪም በየምሽቱ ከግድግዳው በላይ ብቅ ይላሉ። «እህ፣ ያ ጉግሳ?» አባባ ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዴ «አላህ ያውቃል» ይላል በእሳቸው አፍ። ነጂባ ከአባቷ ኋላ ቆማ ፊቴን ታያለች። እኔ ዓይኔን እጠቅሳታለሁ።

ረቡዕ ዕለት የካምቢዮውን የታችኛውን መክደኛ ፈታው። ዘይቱ ሳፋ ላይ ወረደ፤ ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያምር። መክደኛው ውስጥ ትንሽ ማግኔት ነበረች፤ ግራጫ ዱቄት ለብሳለች። አባባ በጣቱ ዳሰሳትና መልሶ አስቀመጣት። ተቀምጦ አሰበ። ከዚያ «እናትሽ የት ናት?» አለኝ።

«ዓሣ ልትገዛ ወረደች።»

ተነሥቶ ወደ ማድቤት ገባ። የላምባ ምድጃውንና የእማዬን መጥበሻ ይዞ ወጣ፤ ዓሣ የምትጠብስበትን፣ ጥልቁን፣ እጀታው በሽቦ የታሰረውን። ከመኪናዋ ኋላ፣ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ላምባውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ክብሪቱንም እኔ ነኝ የጫርኩት።

ከሳፋው በጣሳ እየቀዳ መጥበሻው ላይ ገለበጠ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀስ እያለ ዳር ዳሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀዩ ወደ ሻይ ቀለም፣ የሻዩ ቀለም ወደ ቡና ተለወጠ። ጭሱ ሲነሣ ወፍራም ነበር፤ ወደ ላይ አይሄድም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይመጣል። ካርቶን የሚበሉት የጎረቤት ፍየሎች ሳይቀሩ ሸሹ። አባባ በእማዬ የእንጨት ማንኪያ ያማስላል። ከዚያ አሮጌ የነሐስ ቡሽ፣ ከመኪና የወጣ ቀለበት፣ አወጣና በሞረድ ይሞርደው ጀመር፤ ወርቃማው ብናኝ መጥበሻው ውስጥ እየረገፈ ይሰምጣል።

«ምንድን ነው አባባ?»

«መድኃኒት።»

«ለመኪናዋ?»

«ለመኪናዋ። ዝም ብለሽ እሳቱን ጠብቂ።»

ጠበቅሁ። እስኪጠቁር ጠበቅሁ። ሽታው ጉሮሮዬ ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ጥግ ሄጄ አስታወክሁ፤ አፌን በክንዴ ጠርጌ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ነጂባ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ እየሠራሁ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሲበርድ አባባ ጥቁሩን ዘይት ሌላ ሳፋ ላይ ገለበጠና ከመኪናዋ ሆድ ሥር ገፋው። ሳይጠበስ የቀረውን ቀዩን በጀሪካን አድርጎ አልጋ ሥር አስገባው።

እማዬ የገባችው ያኔ ነው። እናቴ ዓለምዘውድ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። ዓሣው በላስቲክ እጇ ላይ እንደ ተንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመች። መጥበሻውን አየች፣ ማንኪያውን አየች፣ ሳፋውን አየች። ከዚያ አባባን አየችው። ወደ ቤት ገቡና በሩ ተዘጋ። እኔ ጆሮዬን ከቆርቆሮው ጋ አድርጌ የሰማሁት ግማሽ ግማሹን ነው።

«... በምበላበት መጥበሻ ...»

«ቀስ በይ፣ ሴትዮ።»

«ጡር አትፈራም? የልጅቷን ...»

«ሰውየው ወንድሙ ጅዳ ነው። ሌላ ይልክለታል።»

«ሳይልክለትስ?»

«ዕድሜ ልኬን የሰው መኪና ሥር ተኝቼ በእግሬ ስሄድ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ለመጥበሻ ይህን ያህል መጣላታቸው ገረመኝ። እማዬ ብረት የምትወድ ስግብግብ ሴት መሰለችኝ። «የልጅቷን» ያለችው እኔን መስሎኝ ነበር፤ ጭስ አስጠጣት ማለቷ ነው ብዬ። ዓሣው እዚያው ደጃፍ ላይ ተረሳ። ማታ ሲገለጥ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ነበር። ለቁራዎቹ ተጣለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባባ ራሱ ጋሽ ዓብዱልሐኪምን ጠራቸው። ነጂባም አባቷን ተከትላ መጣች። አባባ ሳፋውን ከመኪናዋ ሥር ጎተተው። ጋሽ ዓብዱልሐኪም ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸው ውስጥ ጥቁሩ ይታያል።

«ይሄ ነው ከሆዷ የወጣው» አለ አባባ። በጣቱ ጠቅ አድርጎ ወደ ፀሐይ አነሣው፤ ወርቃማው ብናኝ ብልጭ አለ። «ይሄ ደግሞ ሥጋዋ ነው። ከውስጥ ተፍቃ አልቃለች።»

«ምንም አይደረግላትም?»

«ሌላ ካምቢዮ ነው። እሱም ከጅዳ ቢመጣ፣ ዋጋው ከመኪናዋ ይበልጣል።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «በኔ ከምታምን፣ ልጅ አይዋሽም። ወለቴ፣ ነይ አሽቺና ምን እንደሚሸት ንገሪያቸው።»

ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«የተቃጠለ» አልኩ። «በጣም የተቃጠለ ይሸታል።»

እውነቴን ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም። ልቀጥል ነበር፤ መድኃኒቱን እኛው እንደ ሠራነው፣ ላምባውን የሞላሁት እኔ እንደ ሆንኩ፣ አሁን ሲሰጣት እንደምትድን ለነጂባ ልነግራት ነበር። አፌን ስከፍት እማዬ ከማድቤቱ በር «ወለተጊዮርጊስ!» ብላ ጠራችኝ። ሙሉ ስሜን ስትጠራ ቁጣ አለ ማለት ነው። ሮጬ ሄድኩ። ጭንቅላቴን ቀሚሷ ላይ ደግፋ ያዘችኝ። እሷም ምንም አልተናገረችም። ለእማዬ ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ፤ ይቺን ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ምን እንደማደርጋት አላውቅም።

ከማድቤቱ ሆኜ አባባ «ለብረቷ እኔ ልውሰዳት፤ ለጎረቤት ብዬ ነው» ሲል ሰማሁ። ጋሽ ዓብዱልሐኪም «አላህ በረካ ያድርግልህ» ብለው እጁን ጨበጡት። የጨበጡት ያንኑ ጥቁር እጅ ነው።

በሳምንቱ መኪናዋ ከግቢያችን እየዘፈነች ወጣች። አንድ ሾፌር ከጅቡቲ አሮጌ ካምቢዮ አመጣልኝ አለ አባባ፤ ሰዉም አመነው። የሞተ አስነሣ ተባለ። እኔ ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ጎረርኩ አይጠየቅም። ጋሽ ዓብዱልሐኪም ሞተሩን ቆመው አዳመጡና «ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ» አሉ፤ አንዲት ቅሬታ ፊታቸው ላይ አልነበረችም። ንጹሕ ሰው ሲታለል ማየት እንደሚመስላችሁ የሚያሳዝን ብቻ አይደለም፤ ያስጠላል። ቆዳ ላይ ይቀራል።

ነጂባን ወደ በይሉል የወሰዳት ማን ይመስላችኋል? አባባ። በዚያችው መኪና፣ በነጻ። «ጎረቤት አይደለን እንዴ» አለ። ጋሽ ዓብዱልሐኪም በገዛ መኪናቸው ጋቢና እንግዳ ሆነው ተቀመጡ፤ እኔና ነጂባ ከጀሪካኖቹ ጋር ከኋላ ነን። አሸዋው በመስኮት እየገባ ጥርሳችን ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ነጂባ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ፣ ደብተሮቿን ከቋጠሮው ለይታ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። እኔ ባሕር ዳር ልትኖር ነው ብዬ እቀናባታለሁ።

«አባትሽ ሠራት አይደል?» አለችኝ በመሃል።

«ሠራት!»

«ታዲያ እኔ ለምን እሄዳለሁ?»

አሰብኩ። መልሱ ቀላል ሆኖ ታየኝ። «አሁን እኮ የኛ ናት» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ያኮረፈች መሰለኝና እኔም አኮረፍኩ። በይሉል ስንደርስ አያቷ ዱላቸውን ተደግፈው ወጡ፤ የመኪናዋን ኮፈን እንደ በሬ ግንባር ዳሰሱ። ከዚያ የአባባን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው በአፋርኛ ብዙ ተናገሩ። ጋሽ ዓብዱልሐኪም ተረጎሙት፤ «የልጆችህ እጅ ያብላህ ነው የምትለው። ስታረጅ ልጆችህ ያጉርሱህ።» አባባ «አሜን» አለ፤ ጎንበስ ብሎም ትከሻቸውን ሳመ። ስንመለስ በኋላ መስኮት ሳይ ነጂባ ደብተሮቿን እንደ ያዘች ቆማ ነበር። ያየኋት እስከዚያ ነው።

መጥበሻውን እማዬ በአሸዋና በአመድ ስትፈትግ ሰነበተች። ከዚያ ከሌላው ዕቃ ለይታ ለብቻው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። «ይቺ የአባትሽ ናት» አለችኝ፤ «ማንም እንዳይነካት።» ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአባባ ዕንቁላል በቲማቲም በየጠዋቱ የሚጠበሰው በሷ ሆነ፤ የእኔና የእማዬ በሌላ። አባወራ በመሆኑ የተከበረ መሰለኝ። አንዴ እማዬ ስትወጣ በአባባ መጥበሻ ዕንቁላል ጠብሼ ስበላ ደረሰችብኝ። በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ ጣቷን አፌ ውስጥ ከታ የጎረስኩትን አወጣችው፣ ሦስት ጊዜም በውሃ አጉመጠመጠችኝ። የምቀኝነቷ ጥግ ብዬ አለቀስኩ።

በሁለት ዓመቱ ጦርነቱ መጣና ከአሰብ በተሸከምነው ብቻ ወጣን። አባባ ለመኪናዋ አለቀሰ፤ በሯ ላይ ግንባሩን ደግፎ፣ እንደ ሰው። እማዬ ጎላ ድስቶቿን፣ ምንጣፏን፣ ራዲዮኑን ትታ፣ ያቺን እጀታዋ በሽቦ የታሰረች መጥበሻ ጨርቅ ጠቅልላ ያዘች። አዲስ አበባም ሚስማር መትታ ሰቀለቻት። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሞት፣ አልጋ ላይ ሆና እጄን ይዛ ከነገረችኝ ነገር አንዱ ይሄ ነው፤ «የአባትሽን ዕንቁላል አደራ፣ በመጥበሻው አድርጊለት።» እንዲህ ያለ ፍቅር አለ ብዬ ለጓደኞቼ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

ባለፈው ጥቅምት የራሴ መኪና ማርሽ እየዘገየ አስቸገረኝ። አውቶማቲክ ናት፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያልሆነች ብርቅ ነች። ሣህሉ የሚባል ወጣት መካኒክ ሰፈር ድረስ መጥቶ ደጄ ላይ አያት። ሞተሩ እየሠራ መለኪያውን መዘዘ፣ በነጭ ሶፍት ጠረገ፣ ወደኔ አቀረበው።

«ያሽትቱት እትዬ፤ ጤነኛ ነው። ጎድሎ ነው እንጂ።» ከዚያ በራዲያተሩ ሥር እጁን ልኮ ዳበሰ። ሁለት ጣቶቹ ቀይ ሆነው ወጡ። እንደ ደነገጥኩ ሲያይ ሳቀ። «ደም አይደለም፣ ዘይት ነው። እዚህ ጋ የቱቦው ማሰሪያ፣ ፋሼታው ላልቶ ያንጠባጥባል። አጥብቄው ሁለት ሊትር እጨምርልዎታለሁ፤ በቃ።»

ጣቶቹን የሱሪው ጎን ላይ ጠረጋቸው።

«ሣህሉ» አልኩት። «እሁድ ቀይ የነበረ ዘይት፣ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ሐሙስ ሊጠቁር ይችላል?»

«ቆማ?» አለና ሳቀ። «መጥበሻ ላይ ካልጠበሱት በቀር።»

በሩን ይዤ ቆምኩ። ሽታው ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳው ጥግ ሄጄ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው አስታወክሁ። ሣህሉ ነፍሰ ጡር የሆንኩ መስሎት ወንበር አመጣልኝ።

ስገባ አባባ ሳሎን ቁጭ ብሎ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ አለ። አሁን ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው።

«የጋሽ ዓብዱልሐኪም መኪና ምን ነበር የሆነችው?» አልኩት ሳልቀመጥ።

ይዋሻል፣ ወይም ይደነግጣል ብዬ ነበር። ፊቱ በራ። «ፋሼታ!» አለ። «አንዲት የላላች ፋሼታና ሁለት ሊትር ቀይ ዘይት። እጄን ልኬ ነው ያገኘሁት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ካልሰኩ ያውቃሉ?»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «መኪና አማረኝ። ሰው አይደለሁም?»

«ነጂባስ?»

«ነጂባ ደግሞ ማናት?»

አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ፊቱን ትኩር ብዬ አየሁት፤ አውቆ የተኛ ሰው ፊት ፈለግሁ። አልነበረም። ከልቡ ረስቷታል። ከመጥበሻው፣ ከሳፋው፣ በኔ አፍ ካስመሰከረው ሁሉ በላይ ያስጠላኝ ይሄ ነው። የምጠላው ሰው ፈልጌ ዕንቁላሉን የሚጠብቅ ሽማግሌ አገኘሁ።

«በይ» አለኝ፣ «ራበኝ። እንደ እናትሽ አድርጊልኝ፤ በመጥበሻዬ። ሌላው አይጥመኝም፤ ያቺ ጣዕም አላት።»

ማድቤት ገባሁ። መጥበሻዋ ሚስማሯ ላይ ናት፤ ውስጧ ከመፈተግ ብዛት እንደ መስተዋት ሆኗል። ያኔ ነው እማዬ የገባችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ፣ በየጠዋቱ፣ ቲማቲም ከትፋ፣ ጨው ነስንሳ፣ ያንን ነገር ስታበላው ኖራለች። በቃሏ ያልተናገረችውን በመጥበሻ ስትናገር ኖራ፣ ስትሞት ደግሞ ለኔ አደራ ብላ ሄደች። እሱ ጣት እየላሰ በላው። እናቴንም ተጸየፍኳት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ወደድኳትም።

ልጥለው አነሣሁት። ከዚያ የበይሉሏ አሮጊት ትዝ አሉኝ። የልጆችህ እጅ ያብላህ። ልጁ እኔ ነኝ፤ ከኔ ሌላ የለውም። ምርቃቷ ያለ ቦታዋ ገብታ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ደርሳለታለች።

ቲማቲሙን ከተፍኩ። ዕንቁላሉን መታሁ። ምድጃው ላይ ሲንጫጫ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ ምን እንደሚሸት ንገሪያቸው እንደ ተባልኩ ልጅ። ከዚያ በማንኪያ አንሥቼ ከሱ በፊት ቀመስኩ። ዘይቱን ፈለግሁት፤ ላምባውን የሞላሁለትን፣ የጠበቅሁትን፣ የመሰከርኩበትን። በምላሴ ጫፍ፣ በላንቃዬ፣ ከጥርሴ ኋላ ሁሉ ፈለግሁት። የለም። ዕንቁላል ነው። ጨው ብቻ ጎድሎታል።

ጨመርኩለትና ይዤለት ገባሁ።